የአሜሪካው ይሻለኛል

ባለፈው ሳምንት ሳጂዳን የተለየናት ከአባቷ ከሐጂ አብዱልገኒ አፍ «ይምጡና እንስማቸው» የሚለውን ቃል ፈልቅቃ ባወጣችበት ሰዓት ነበር። ይህን ቃል ቀላል አድርጎ የሚያይ አንባቢ ካለ ሐጂን አያውቃቸውም ማለት ነው። ኢምፔሪያል ወዳለው የመብራት ዕቃ መደብራቸው ስንቱ ደንበኛ ዋጋ ሊያስቀንስ ገብቶ፣ ሻይ ተጋብዞ፣ ተመርቆ፣ በተባለው ዋጋ ገዝቶ ወጥቷል። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሚነሳ የሚኒባስ ሹፌር ለሴት ልጃቸው ሽማግሌ ቢልክ በር እንደማይዘጉበት የተናገሩት።

በዚያ ላይ ሐጂ ሌላ ሰው በልባቸው ነበራቸው። አምና ሚኒሶታ ለሚኖረው ለፉአድ ወላጆቹ ሳጂዳን ሲጠይቁ፣ ሐጂ «እናስብበት» ብለው ሸኝተዋቸዋል። እሺም አላሉ፣ እንቢም አላሉ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የፉአድ ስም ተረስቶ «የአሜሪካው» ሲባል ቀረ። ሳጂዳ በበኩሏ ነገሩ የሞተና የተቀበረ መስሏት ሹፌሩን ሰዲቅን «ያ ነገር አብቅቷል» ብላዋለች።

ሳጂዳ የተከፈተ በር ካየች ገባሁ ብላ የምትቆጥር ልጅ ናት። እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ የሰዲቅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ አባቷ ትንሽ ይኮሳተራሉ፣ ከዚያ የልጁን ጨዋነት ያያሉ፣ ነገሩ ያልቃል። እሷ የቀራት ቅዳሜ ዕለት ስጦታውን መጨረስ ብቻ ነው።

ስጦታው ከአባቷ ሱቅ በላይ ባለው ቆጥ፣ የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ሳጂዳ ለፊልምና ለማስታወቂያ ድምፅ የምታቀናብር ባለሙያ ናት። ይህን የሄድፎን አምፕሊፋየር ግን ለሥራ ሳይሆን ለሰዲቅ ብላ፣ ከእንጨት ሳጥኑ አንስቶ እስከ ብየዳው ድረስ በእጇ ሠርታዋለች። ከላዩ አራት ቱዩቦች ቆመውበታል። ቱዩብ ማለት ድሮ በትልልቆቹ ሬዲዮኖች ሆድ ውስጥ ይግል የነበረ፣ አምፖል የሚመስል ብርጭቆ ነው፤ ድምፅ በእሱ ሲያልፍ ጉልበት አግኝቶ ይወጣል። ሐጂ አንድ ቀን ቆጡ ላይ ወጥተው አዩትና «ልጄ፣ ቤት የማያበራ አምፖል ምን ያደርግልሻል?» ብለው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አምፖል ሲሸጡ ለኖሩ ሰው ጥያቄው አይፈረድበትም።

ቁም ነገሩ ያለው ጥምረቱ ላይ ነው። ከፊት የሚቆሙት ሁለቱ ትንንሾች የድምፁን ጠባይ ይወስናሉ፤ ከኋላ የሚቆሙት ሁለቱ ድንቡሽቡሾች ጉልበቱን ይሰጡታል። የፊቶቹ ሲቀየሩ ያው ዘፋኝ ሌላ ሰው ይሆናል፤ የኋላዎቹ ሲቀየሩ ከበሮው ይወፍራል ወይም ይሰልላል። ሳጂዳ ከሩሲያ የመጡ፣ ከቻይና የመጡ፣ እንዲሁም አንድ አዛውንት ሬዲዮ ጠጋኝ ከጓዳቸው አውጥተው የሰጧት የአሜሪካ ቱዩቦች ነበሯት። ለሰዲቅ ድምፅ የሚስማማው የቱ እንደሆነ ሳታውቅ ደግሞ አትሰጠውም።

የሰዲቅ ድምፅ ስል የምሬን ነው። በአዘቦት ቀን አራብሳና ኢምፔሪያልን የሚያመላልሰው ሹፌር፣ በመውሊድ ቀን መንዙማ አውራጅ ነው። ሳጂዳ መጀመሪያ ያወቀችው ጎሮ ውስጥ ለመውሊድ ማይክራፎን ልትተክል ተጠርታ ነው። ሄድፎኗን ደፍታ የድምፁን ልክ ስታስተካክል፣ ያ ወሎዬ ድምፅ መጣና እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያን ዕለት የቀዳችውን ድምፅ ሳታዳምጥ የዋለችበት ቀን የለም። ሰዲቅ ግን የራሱን ድምፅ በስልክ ካልሆነ ሰምቶት አያውቅም፣ ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ለፍተሻው ረዳት ያስፈልጋል፤ ዓይን ካየ ጆሮ ያዳላልና። ረዳቷ ከጎን ካለው መጋረጃ ቤት የምትሠራው ጓደኛዋ መብራት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት የምትባል ጓደኛ ያለችው ሰው ቀልድ አያጣም፤ «መብራት መጣች» ሲባል ሰፈሩ እልል ይላል፣ የመጣችው ግን ልጅቷ ናት።

«መብራት፣ መብራቱን አጥፊና የፊቶቹን ቀይሪልኝ» አለች ሳጂዳ። ዓይኗን በሻሿ ሸፍና ወንበሯ ላይ ተደላድላለች።

መብራት ማብሪያውን አጠፋች፣ የጋሉትን ብርጭቆዎች በጨርቅ ይዛ ነቀለች፣ ሌሎቹን ሰካች፣ መልሳ አበራች። እስኪሞቁ ደግሞ መጠበቅ ነው።

«ሌላ ሴት ለወንድ ሰዓት ትገዛለች» አለች ጣቷን እየነፋች። «አንቺ ግን እኔን ትጠብሺኛለሽ።»

«ሰዓት ቢገዙለት ያየዋል። ይሄን ግን ይሰማዋል።»

«ኧረ ተይኝ! የፍቅር መድኃኒት እንዲህ አይደለም የሚቀመመው።»

ድምፁ መጣ። የቻይናዎቹ ናቸው፤ ሳጂዳ ሳትጠየቅ አወቀቻቸው። ሁሉም ነገር አለ፣ ግን ሁሉም ነገር ሩቅ ነው፤ ሰዲቅ ከጎረቤት ቤት የሚያወርድ መሰላት። «አይሆንም» አለች። ቀጥሎ የመጡት ሲሞቁ ወደ ፊት ዘንበል አለች። የተቀባዮቹ ጭብጨባ ከግራና ከቀኝ ተለይቶ መጣ። ሰዲቅ ግጥሙን ከማንሳቱ በፊት የሚስባት ትንሽ ትንፋሽ እንኳ ተሰማቻት። አፏን በእጇ ያዘች። የትኞቹ እንደሆኑ መብራት አልነገረቻትም፤ ጆሮዋ ግን ነገራት።

መብራት ግን ተንኮለኛ ናት። ልታምታታት ብላ በዝምታ የፊቶቹንም የኋላዎቹንም በሩሲያዎቹ ለወጠችባት። ከበሮው ወፈረ፣ ክፍሉ ሞቀ፣ ጭብጨባው ግን ጥጥ ውስጥ ገባ። ሄድፎን የደፋ ሰው ሁሉ እየጮኸ በሹክሹክታ ያወራ ይመስለዋል፤ ሳጂዳም እንዲሁ ቆጡን በሚያናጋ ድምፅ እንዲህ አለች፤

«ኧረ የአሜሪካውን መልሽልኝ! ይሄኛው ሞቅ ይላል እንጂ ጥርት አይልም። ለሰሞኑ ደስ ይላል፤ ዕድሜ ልኬን አብሬው ልኑር ካልኩ ግን የአሜሪካው ይሻለኛል!»

«ቀስ በይ፣ ኢምፔሪያል በሙሉ ሰማሽ» አለች መብራት እየሳቀች። ሳጂዳ ይህንንም አልሰማችም። ደረጃው ሲንቋቋም አልሰማችም።

ለዐስር ሶላት ስትወርድ የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ላይ አንድ ፌስታል አገኘች። ውስጡ ገና ትኩስ የሆነ ሳምቡሳ ነው፤ ዳጣው ለብቻው ታስሯል። ከጎሮ እንዲህ አሳስሮ የሚያመጣ ሰው አንድ ብቻ ነው።

«ያ ልጅ መጥቶ ነበር» አሉ ሐጂ ከመደርደሪያው ጀርባ። «ደረጃው ሥር ቆመ ቆመና በቅጡ እንኳ ሳይሰናበተኝ ወጣ።»

«ነገን አስቦ አፍሮ ይሆናል፣ አባ» አለች ሳጂዳ። አንዱን ሳምቡሳ እዚያው ገመጠች። ነገ ምን እንደምትለብስ እያሰበች፣ ዳጣው ዓይኗን እያስነባት፣ በዓለም ላይ ከሷ የበለጠ ዕድለኛ ሰው ያለ አልመሰላትም።

*

እሁድ ከዙህር በኋላ ሐጂ አብዱልገኒ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ሳሎን ተቀመጡ። ገርጂ ያለው ቤታቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማንም አልመጣም። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ተሞቀ፣ መልሶ ቀዘቀዘ። ሐጂ መጀመሪያ በሩን አዩ፣ ቀጥሎ ሰዓታቸውን አዩ፣ በመጨረሻ ልጃቸውን አዩ።

«ሰው መንገድ ሲጠፋው አውቃለሁ» አሉ። «ሹፌር መንገድ ሲጠፋው ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ሳጂዳ ደወለች፤ አይነሳም። እንደገና ደወለች። ከዚያ ስልኳ ላይ አንዲት መልእክት ገባች፦ «አላህ የመረጥሽውን ኸይር ያድርግልሽ። ከልቤ ነው።»

አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ደሟ ፈላ። የመረጥሽውን? እሷ የመረጠችው እሱን ነው! ታዲያ ይህ ምን የሚሉት ሽሽት ነው? አባቷን ፈርቶ፣ ፍርሃቱን በዱዓ ጠቅልሎ የላከላት መሰላት። ደግሞ እንዲህ ያለ ቆንጆ ዱዓ! ስድብ ቢሆን በስድብ ትመልስ ነበር፤ ዱዓን አሚን ከማለት ሌላ በምን ይመልሱታል?

ሐጂ ማታን ሳይጠብቁ እዚያው ቁርጡን ነገሯት።

«የፉአድ ሰዎች ደውለዋል። ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ልጄ፣ አስገድጄሽ አላውቅም፤ ዛሬም አላስገድድሽም። ሲመጡ እጠይቅሻለሁ። እንቢ ካልሽ እንቢ ነው። ዝም ካልሽ ግን እሺ እንዳልሽ እቆጥረዋለሁ፤ የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው።»

ሳጂዳ በሕይወቷ ዝም ማለት ሆኖላት አያውቅም። ያን ዕለት ግን ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች፣ ዝም ማለት ቀላል ነገር መስሎ ታያት፤ ያ ደግሞ ከሰዲቅ መቅረት ይልቅ አስፈራት።

*

ረቡዕ ጠዋት ስትነሳ ግን የድሮዋ ሳጂዳ ተመልሳለች። «አልፈልግሽም ካለ ፊቴ ላይ ይበለኝ» አለች ለራሷ። አምፕሊፋየሩን በካርቶን አደረገች፣ ቱዩቦቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ኢምፔሪያል ሄዳ ቆመች። ሚኒባስ መጣ፣ ሄደ። የፊት መስታወቱ ላይ «ሰብር»፣ ትዕግሥት ማለት ነው፣ የተጻፈበት የሰዲቅ መኪና ሲመጣ የጋቢናውን በር ከፍታ ገባች፣ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ሰዲቅ አያት። ዓይኖቹ ሳይተኛ የከረመ ሰው ዓይኖች ናቸው። ወዲያው ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ፤ እጁ ግን ማርሹን ስቶ ባዶ አየር ጨበጠ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም።»

«ዕቃህን ይዤልህ ነው የመጣሁት።»

«አንቺ ጋ ያለ ዕቃ የለኝም።»

«አለህ። በስምህ የሠራሁት ነው፤ እንግዲህ እኔ ቤት አያድርም።»

መኪናው ሞልቶ ተነሳ። ገርጂን አልፈው ወደ ጎሮ አቀኑ። ከኋላቸው ጎመን በዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጋቢና ሁለት ሰው ቢያስቀምጥም ወሬው እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል።

«ሰዲቅ፣ አባቴን ፈርተህ ነው?»

«አልፈራሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው? አባቴ ነጭ ለብሰው፣ በር በሩን እያዩ ዋሉ። ሰው ነው እሳቸውን የሚጠብቀው እንጂ እሳቸው ማንንም ጠብቀው አያውቁም። ላንተ ብለው ጠበቁ!»

ይህቺ አገኘችው። «ይቅር ይበሉኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ግን በወንድሜ ጥያቄ ላይ ሌላ ጥያቄ አላስቀምጥም። ሐራም ነው፣ ሳጂዳ።»

«የቱ ወንድምህ?»

«የአሜሪካው። በሃይማኖት ወንድሜ ነው።»

«ያ ነገር አብቅቷል ብዬህ የለም እንዴ?»

«ብለሽኛል! እኔም አምኜ ሽማግሌዎቼን ለምኜ፣ ቀን ቆርጬ ነበር። ቅዳሜ ግን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁሽ። ደረጃው ሥር ቆሜ ሰማሁሽ።» ያ መውሊዱን ሁሉ ሲያስነባ የሚያድረው ድምፅ፣ አሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር መሸከም አቃተው። «የአሜሪካውን መልሽልኝ አልሽ። ይሄኛው ሞቅ ይላል እንጂ ጥርት አይልም አልሽ። ለሰሞኑ ደስ ይላል… ለሰሞኑ! ሳጂዳ፣ እኔ ላንቺ የሰሞን ሰው ነኝ?»

ሳጂዳ መጀመሪያ ምንም አልገባትም። ከዚያ ቆጡ፣ ሻሹ፣ የመብራት ሳቅ፣ ደረጃው ላይ የነበረው ትኩስ ሳምቡሳ፣ ሁሉም ተያይዘው መጡባት። አፏን ያዘች። አልቻለችም። ሳቋ ፈነዳ፣ ሳቋ መሐል ላይ ደግሞ እንባዋ መጣ።

ሰዲቅ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ። «ትስቂብኛለሽ?»

ካርቶኑን ከፈተች፣ አንዱን ጨርቅ ፈታች፣ ብርጭቆውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«እንካ። የአሜሪካው ይኸውልህ።»

ሰዲቅ ብርጭቆውን አገላበጠው። ጎኑ ላይ የደበዘዘ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ «ሜድ ኢን ዩኤስኤ» ይላል። ቀና ብሎ አያት፣ መልሶ ብርጭቆውን አየ።

«ሞቅ የሚለው የሩሲያው ነው» አለችው እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «አንተ ሩሲያ ነህ? ንገረኝ እስቲ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ሩሲያ የሆንከው? ዕድሜ ልኬን አብሬው ልኑር ያልኩት ያንተን ድምፅ የሚያሰማኝን ነው። ያንተን!»

«እኔ እኮ…» አለ ሰዲቅ። ባለዘንቢሏ እናት አንገታቸውን ወደ ፊት አስግገው ብርጭቆውን አዩት።

«ልጄ፣ በዚህ ነው የቀናኸው?»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከመጨረሻው ወንበር አንድ ሰውዬ «መታረቁንስ ይታረቁ፤ ግን እየነዳ ይታረቅ!» አሉ። ሰዲቅ የተቀናቃኙን ብርጭቆ በሁለት ጣቱ እንደ እንቁላል ይዞ፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ተቀመጠ፤ ሳጂዳም ያን የቀላ ፊት ስታየው ምን ያህል እንደናፈቀችው ገባት።

*

አራብሳ ሲደርሱ መኪናውን አቁሞ ወደ እናቱ ቤት ወሰዳት። እትዬ ሐቢባ በሩን ከፍተው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩ፣ «ያ ረቢ፣ ልጄ ፊቱ ተመለሰ!» አሉ። ሰዲቅ ከቅዳሜ ጀምሮ እህል በወጉ እንዳልቀመሰ የነገሯትም እሳቸው ናቸው። እሱ «እማ፣ ተይ እንጂ» ቢል ማን ሰምቶት!

ሳጂዳ አምፕሊፋየሩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰክታ ቱዩቦቹን ደረደረች። መጀመሪያ አራቱንም ከሩሲያ አደረገች። ሰዲቅን አስቀመጠችውና ሄድፎኑን በሁለት እጇ ጆሮው ላይ ደፋችለት። ጣቶቿ ጸጉሩን ነኩት፤ ሁለቱም ያልተነካኩ ለመምሰል ሞከሩ፣ እትዬ ሐቢባም ያላዩ ለመምሰል መስኮቱን ተመለከቱ።

«ዓይንህን ጨፍን። የቱ እንደሆነ አልነግርህም።»

አዳመጠ። «ደስ ይላል» አለ እየጮኸ። «ከበሮው ደረቴ ውስጥ ገባ።»

አጥፍታ የፊቶቹን በአሜሪካዎቹ ቀየረች፤ የኋላዎቹን ግን እንዳሉ ተወቻቸው። ይህን ጥምረት ቅዳሜ አልሞከረችውም ነበር። ቱዩቦቹ እስኪሞቁ ጠበቁ። ከዚያ የሰዲቅ ፊት ተለወጠ። ከንፈሩ ተከፈተ፣ ትከሻው ረገበ፣ ከተጨፈነው ዓይኑ ሥር እንባ ወጥቶ ወረደ።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ በመጨረሻ፤ በዚህ ጊዜ አልጮኸም።

«እኔ የምሰማው አንተ ነህ» አለችው።

እትዬ ሐቢባ ሄድፎኑን ተቀብለው እሳቸውም ሰሙ። ጥቂት አዳምጠው አወለቁትና «እኔማ ሁሌም እንዲህ ነው የምሰማው» አሉ። ሳጂዳ ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች።

የፊቶቹ ከአሜሪካ፣ የኋላዎቹ ከሩሲያ እንዲሆኑ ተስማሙ። ሰዲቅ ግን ሄድፎኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ፊቱ ከበደ።

«ሳጂዳ፣ የኔ ስህተት የኔ ነው። ጥያቄው ግን እውነትም እንደቆመ ነው። አባትሽ እናስብበት ብለዋል እንጂ አልመለሱላቸውም። ሰዎቹ ዛሬ እየመጡ እኔ ሽማግሌ አልልክም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትቆጣ ነበር። አሁን ግን ይህን ግትር ሰው እያየች ልቧ በኩራት ሞላ። ፍቅሩን የሚሰጠው ለሷ ነው፤ ሕጉን ግን ለሷም ብሎ አይሸጥም።

«ያ የኔ ድርሻ ነው» አለችው ባዶውን ካርቶን እያነሳች። «አንተ ስልክህን ብቻ አንሳ።»

*

ከዐስር ሶላት በኋላ የፉአድ ሰዎች ሳሎን ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥሩ ባይሆኑ ነገሩ ይቀላት ነበር። ሳጂዳ ከመጋረጃው ወዲህ ቆማለች። ሐጂ አብዱልገኒ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡና ቀስ ባለ ድምፅ ጠየቋት።

«ሳጂዳ፣ ሰዎቹ መልስ ይፈልጋሉ። ምን ልበላቸው?»

ከአራብሳ ስትመለስ ያጠናችው ንግግር ሁሉ ጠፋት። አባቷ ጺማቸውን እየዳሰሱ ጠበቁ። ዓይናቸው ውስጥ ተስፋ አየች፤ ይህን ተስፋ መስበር አለባት፤ ካልሰበረችው ደግሞ የቀረው ዕድሜዋ በሙሉ በዚህች አንዲት ዝምታ ይወሰናል። ሐጂ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሳሎን ሊመለሱ ዞሩ።

«አባ!»

ቆሙ።

«አልፈልግም። እንግዶቹን ያክብሩልኝ፤ ፉአድም ክፉ ልጅ አይደለም፣ አላህ ከኔ የተሻለች ይስጠው። ልቤ ግን እዚያ የለም። እሺ ብዬ የሰው ልጅ አላታልልም።»

ሐጂ ሳሎን ገብተው በጨዋ ደንብ ይቅርታ ጠየቁ፣ እንግዶቹም በጨዋ ደንብ ተቀበሉ፤ ሻያቸውን አጋምሰው ተነሱ። የውጭው በር ሲዘጋ ሐጂ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ለዚያ ከሽማግሌ ለሸሸ ሹፌር ብለሽ ነው?»

«አልሸሸም፣ አባ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ቆጡን፣ ሻሹን፣ የጮኸችውን፣ እሱ የሰማውን። የአሜሪካው ብርጭቆ ጋ ስትደርስ የሐጂ ከንፈር ሊስቅ ሲል ያዙት። «በወንድሜ ጥያቄ ላይ ጥያቄ አላስቀምጥም» ያለው ጋ ስትደርስ ግን መሳቁም መቆጣቱም ቀረና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እየወደደሽ?» አሉ።

«እየወደደኝ።»

«ማንም ሳያየው? ማንም ሳይጠይቀው?»

«ዛሬም አራብሳ ላይ ነገሩ ሁሉ ከተፈታ በኋላ፣ ሰዎቹ እየመጡ ሽማግሌ አልልክም ብሎኛል፣ አባ።»

ሐጂ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ራሳቸውን አሻሹ። «እኔ ነኝ እኮ ያጠፋሁት» አሉ ከራሳቸው ጋር እንደሚያወሩ። «እናስብበት ብዬ የሰው ልጅ አንጠልጥዬ አከረምኩ። ገበያ ውስጥ አረጀሁ፤ ሌላው ያስያዘውን ዕቃ አልነካም የሚል ሰው ስንት ጊዜ አጋጠመኝ? አንድ ሲገኝ ደግሞ መንገድ የጠፋው ሹፌር ብዬ ሰደብኩት።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ደውዪና ስልኩን ስጪኝ።»

ሰዲቅ ገና መጥራት ሲጀምር አነሳው። ሐጂ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጀርባቸውን አቀኑ፤ ድምፃቸው የመደብሩን ድምፅ አልመሰለም።

«ወአለይኩም ሰላም። ሐጂ አብዱልገኒ ነኝ። አይ፣ ይቅርታውን ተወው፣ ስንገናኝ ነው። አሁን አንድ ነገር ብቻ ስማኝ፣ ልጄ።» ትንሽ ቆም አሉ፣ ሳጂዳን አዩዋት። «ከእንግዲህ ደጄ ላይ የቆመ የማንም ጥያቄ የለም።»

ስልኩን መለሱላትና ከአጠገቧ ሳይሄዱ ቆሙ። ሳጂዳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ያቺ ሰዲቅ ግጥም ከማንሳቱ በፊት የሚስባት ትንሽ ትንፋሽ ተሰማቻት። አባቷ ፊት ቆማ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ደስ ብሏት አለቀሰች።